የሰፈራችን ወንበር

የማስታምማቸው ሮማዊ ሽማግሌ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሰፈራቸውን የፓርላማ ወንበር ታሪክ ግን፣ ጢማቸውን በላጨኋቸው ቁጥር፣ እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል። መጀመሪያ አንድ ጠበቃ ያዘው። ጠበቃው ሲያረጅ ለወንድሙ ልጅ አወረሰው። ፓርቲው ፈረሰ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ቀየረ፤ ወንበሩ ግን ከቀኞች፣ ከወግ አጥባቂዎቹ፣ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ የሀብታም ነው፤ የደላው ሰው ለውጥ ምን ያደርግለታል? እኔ በመጣሁበት አገርም አሸናፊው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። እዚያ ሰው ፈርቶ ነው፤ እነዚህ ማንም ሳያስገድዳቸው።

ባለፈው ምርጫ ቺታዲናንዛዬ፣ የጣሊያን ዜግነቴ፣ ደርሶልኝ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ መራጭ ሆንኩ። ማየት የተሳነው ሰው የሚያምነውን መራጭ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል፤ ሽማግሌው የገዛ ልጃቸውን ትተው እኔን አሉ። ሁልጊዜ የሚመርጡት የቀኞቹ ፓርቲ ዕጩ እንደ እኔ ያለውን መጤ ጠርጌ አስወጣለሁ የሚል ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አያዩም፤ ሌላው ምልክት ላይ ባደርገውስ ማን ያውቃል? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ያ ፈረስ መሆን ደግሞ አስጠላኝ።

ምርጫው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ዊልቸራቸውን እየገፋሁ ገባን። የጣቢያው ኃላፊ በፈቃዳቸው እንደመረጡኝ ጠየቃቸው፤ አዎ አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የዕጩዎቹን ስም አነበብኩላቸው። የራሳቸውን ዕጩ አላወቁትም፤ ፓርቲው ከሌላ ከተማ አምጥቶ ያስቀመጠው ነው። ቡና ቤት እንደሚያዙት ሁሉ፣ "አሎራ፣ እንግዲህ የተለመደውን" አሉኝ።

እርሳሱን አንስቼ የተለመደው ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄን ጠላሁት። ከዚያ የራሴን ወረቀት ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁና ለሌላው ሰጠሁ። የእሳቸውና የእኔ ድምፅ ተጣፋ ማለት ነው።

ስንመለስ ለማን እንደሰጠሁ ጠየቁኝ። ድምፅ ምስጢር ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ወንበሩ እንደወትሮው የቀኞች መሆኑን ሬዲዮው ተናገረ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ምሳቸውን ሳጎርሳቸው የእሳቸውን ድምፅ የት እንዳደረግኩት ጠየቁኝ። ያሉኝ ቦታ ነዋ፣ አልኩ። በሌላውም ቀን ጠየቁ፤ በሳምንቱም። በመጨረሻ ተናደድኩ።

"አሸንፈው የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ያሳስብዎታል?"

"ወንበሩማ ያለ እኔም ይገኛል" አሉ። "ያሳሰበኝ አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ደግሜ ነገርኳቸው። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮም የምለው ያንኑ ነበርና ባያምኑኝ አልፈረድኩባቸውም። ግን ደከመኝ።