አክስቴ የበላችው ፌጦ

አክስቴ ወጥ የምትቀምሰው በአንድ ማንኪያ ነው። ከድስቱ ወደ አፏ፣ ከአፏ ተመልሶ ወደ ድስቱ። እዚህ ኬንያ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ምግብ ቤቷ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ እኔም ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤቷ ተጠግቼ የምማር ሰው ስለሆንኩ አፌን ይዤ ኖሬያለሁ።

የምማረው ዘርን ጠርሙስ ውስጥ ማብቀል ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምግብ ለሻጋታም ስለሚጣፍጥ፣ ዘሩ አስቀድሞ ከጀርም መጽዳት አለበት። ሌላው ሰው በበረኪና ያጸዳል። እኔ ግን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂና በኒም ቅጠል ውሃ ነው የማጸዳው ብዬ ድርቅ አልኩ። የሞከርኩት ሁሉ ሻገተ። አማካሪዬ፣ «ይሄ የመጨረሻሽ ነው፤ ካልሆነ ወደ በረኪናው ትመለሻለሽ» አለችኝ። ከአገር ቤት ያስመጣሁት ፌጦም የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ሸተተን ተብሎ ስለተከለከለ፣ የመጨረሻው ሙከራ ቀን ጠዋት ፌጦውን እቤት ዘፈዘፍኩት፤ ግማሹን በነጭ ሽንኩርቱ፣ ግማሹን በኒሙ። ብልቃጦቹን ከድኜ ልብሴን ልቀይር ገባሁ።

ስመለስ አክስቴ ወንበር ስባ ተቀምጣ ከነጭ ሽንኩርቱ ብልቃጥ በማንኪያ ትዝቃለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው ያደረው። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺም ለካ ታስቢልኛለሽ! ሎሚ ብቻ ረስተሻል።»

«የማስተርስ ጥናቴ ነው!»

«ፌጦ በነጭ ሽንኩርት?» ማንኪያውን ላሰችና መልሳ ነከረችው። «ይሄማ ዳዋ ነው፤ የሆድ መድኃኒት። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ፊስ የምንከፍለው?»

የኒሙን ብልቃጥ አሽትታ ትታዋለች። ኬንያ የኖረ ሰው እዚህ ሙአሮባይኒ የሚባለውን የኒምን ምሬት ያውቃል።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሁለቱንም አንጠልጥዬ ማታቱ ወደሚሉት ሚኒባስ ሮጥኩ። ላብራቶሪ ደርሼ የኒሙን ዘር በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ በየጠርሙሱ አስቀመጥኩ። ከአክስቴ የተረፉትን ጥቂት ፌጦዎች ደግሞ በንዴት ለብቻቸው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩና «አክስቴ» ብዬ ጻፍኩበት።

በሳምንቱ የኒሙ ጠርሙሶች ከጥቂቶቹ በቀር ጥርት ብለው ለምለም ቡቃያ አወጡ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። «አክስቴ» ግን ከአፍ እስከ ገደፏ ግራጫ ፀጉር አብቅላለች። አማካሪዬ ታሪኩን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በኒሙ ቀጥይ» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ፣ «ሆዷስ?»

ሆዷማ የዚያኑ ቀን ድኗል።

ከሰዓት ምግብ ቤቱ ሄጄ አክስቴን ምድጃው አጠገብ አገኘኋትና ፎቶውን በስልኬ አሳየኋት።

«ይሄ ፀጉራም ምንድን ነው?»

«ማንኪያሽ ነው» አልኳት። አፌን ይዤ የኖርኩትን ሁሉ በአንድ ቃል ተገላገልኩት።

ስልኩን አስጠግታ አየችው፤ አርቃም አየችው። መለሰችልኝ። ከዚያ ምስር ወጡን አማሰለችና በጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? ቁጭ ብለሽ ብዪ!»

ቁጭ ብዬ በላሁ። እሷ ቤት እንደዚያ ቀን ጥርግ አድርጌ በልቼ አላውቅም።