የመምህር ገነነ ሳንባ ውሃ ቋጠረ

መምህር ገነነ ፍኖተ ሰላም ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ነው ፀጉሩ የሸበተው። ስለ ባሕር የሚያስተምር ቀን ደግሞ ለጉድ ነው! ማዕበሉን በእጁ ያስነሣል፣ ነፋሱን በአፉ ያነፍሳል፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ምራቁ ሲረጫቸው ያው የባሕሩ ነው ብለው ይችሉታል። ባለፈው ዓመት ታዲያ አንዲት ደፋር ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ግን ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለችው። ገነነ ከጣና ሌላ ምን አይቶ! «ጣናን…» ከማለቱ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም እያለ ነጥብ ሲቀንስባቸው የኖረው እሱ ራሱ ነዋ።

ይህን ጉዱን የነገራት ለሚስቱ ለእፀገነት ብቻ ነው። «እፁ፣ ባሕር ሳላይ ልሞት ነው» አላት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኋላ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ከዚያ ያ ስልክ የሚሉት ጦሰኛ መጣ። ገነነ በስልኩ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር አስቀምጠው አየ፤ የመስታወት ገንዳ፣ ጨው ያለው ውሃ፣ ቀይና ቢጫ ዓሣ፣ ደግሞም ኮራል የሚሉት ድንጋይ መስሎ ነፍስ ያለው ፍጡር። በቃ፣ ሰውዬው አበደላችሁ። «ዓሣውና ኮራሉ ይደርሳሉ፤ መጀመሪያ ሳምፑ ነው» ይላል። ሳምፕ ማለት ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሌላ ገንዳ ነው። የላይኛው ሲሞላ የተረፈው ውሃ በቱቦ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ እዚያ በመስታወት በተከፋፈሉ ክፍሎች እያለፈ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ በጎማ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይኸው ነው፣ አለቀ! ገነነ ግን ይህን ሲያስረዳ እህል ውሃ አያሰኘውም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ስለ ሳምፕ ያወራል፣ ባጃጅ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ተሳፍሮ ስለ ሳምፕ ያወራል። የሰፈሩ ሰው ከሩቅ ሲያየው መንገድ መቀየር ጀመረ።

ጠቡ የተነሣው በቦታው ነው። ገነነ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ያሠራውን ገንዳ ብፌው ላይ፣ ሳምፑን ብፌው ውስጥ ሊያደርግ አሰበ፤ የእፀገነት ሳህኖች ሊፈናቀሉ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ብፌው የቆመው ሊሾው ላይ ነው። እፀገነት ደግሞ ሊሾዋን በሰም እየወለወለች ፊት እንዲያሳይ ያደረገች ሴት ናት። ስለዚህ ሕግ አወጣች።

«እሑድ በንጹሕ ውሃ ሞክረው» አለችው። «አንዲት ጠብታ ሊሾዬ ላይ ካየሁ ግን ገንዳህ ሽንዲ ይሄዳል፤ የአያ ደሞዝ ከብቶች ይጠጡበት። ሁለተኛም ባሕር የሚል ቃል እዚህ ቤት አይነሣም።»

«ተስማማሁ!» አለ ገነነ። እጅ ተማቱ።

አያ ደሞዝ ሽንዲ የሚኖሩ የእፀገነት አጎት ናቸው። እህቷ ደጊቱም እዚያው ናት። ቅዳሜ ዕለት እፀገነት ብሶቷን ልታወራ ለደጊቱ ደወለች፤ ኔትወርኩ ደግሞ አንድ ቃል አሰምቶ ሁለት ቃል ይውጣል።

«ገነነንማ ተይው እቴ፣ በሳምፕ አለቀ!» አለች። «ሌሊትም ቀንም ሳምፕ ነው! ትናንት በጎኑ አፍስሶ ደፈኑለት። ውሃ ይዟል። ቱቦ ገብቶለታል። እንግዲህ እሑድ ይለይለታል…» ስልኩ ተቋረጠ።

ሽንዲ ላይ ሳምፕ የሚባል ነገር የሚያውቅ የለም። ሳንባ ግን ሁሉም ሰው አለው። ደጊቱ ስልኩን እንደያዘች እዬዬዋን አቀለጠችው።

እሑድ መብራት ነበረ፣ ፓምፑም እያጉረመረመ ውሃውን ሲያዞር አረፈደ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ገነነ ሊሾው ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ከወለሉ አጣብቆ የሳምፑን ሥር ሲያይ በሩ ተበረገደ። የሽንዲ ዘመድ ኢሱዙ ሙሉ ሆኖ መጥቷል! ከፊት አያ ደሞዝ፣ ከኋላ ደጊቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ተዉት።

«ወየው! ወድቋል!» አለች ደጊቱ።

ገነነ አፉን ሳይከፍት አንሥተው ሶፋው ላይ አጋደሙት፣ በጋቢም ጠቀለሉት። እፀገነት ጓዳ ነበረች።

«ሳንባህ እንዴት ነው ልጄ?» አሉ አያ ደሞዝ ግንባሩን እየዳበሱ።

እስከዛሬ ስለ ሳምፑ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። የገነነ ፊት በራ። ሳንባ ያሉትም ቃሉ አልያዝላቸው ብሎ ነው ብሎ አለፈው። «ዛሬስ ይመስገን አያ፣ ደህና ይዟል። ያፈሰሰው አርብ ነው፤ እሱንም መስታወት ቆራጩ ደፈነልኝ።»

«መስታወት ቆራጭ? ምነው ሐኪም ጠፍቶ?»

«ኧረ አያ! ሐኪም ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል?» አለ ገነነ በንቀት። «ደግሞ ይሄ ጠቧል፤ ገንዘብ ካገኘሁ በሰፊው እቀይረዋለሁ።»

አያ ደሞዝ አማተቡ። ወደ ደጊቱ ዘንበል ብለው፣ «በሽታው ጭንቅላቱም ላይ ወጥቷል» አሏት።

እፀገነት ከጓዳ ብቅ ብላ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ ክው አለች። «ምን ሆናችኋል?» ከማለቷ መብራቱ ሄደ። ፓምፑም ጸጥ አለ።

ለመብራቱስ ገነነ አስቦበት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ መብራት አይጠፋም የሚል ሰው የለም። ከላይ የሚወርደውን ትርፍ ውሃ እንዲችል ሳምፑን አጉድሎ ነው የሞላው። የረሳው ጎማውን ነው። የጎማው ጫፍ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ጠልቋል፤ ፓምፑ ሲቆም ጎማው ውሃውን ወደ ታች መልሶ መሳብ ያዘ። ሳምፑ ሞላ፣ አሁንም ሞላ።

«ልቀቁኝ! ሳምፑ ሞላ! ጎማውን አውጡት!» ብሎ ጮኸ።

«ሳንባው ሞላ! ኧረ ያዙት!» አያ ደሞዝ ደረቱ ላይ ተጫኑት። «ቱቦው ከወጣማ ይሞትብናል!»

«አውጡልኝ እላለሁ!»

«አናወጣም!»

ነገሩ የገባት እፀገነት ብቻ ናት። ከብፌው ፊት ቆማለች። ውሃው ከሳምፑ አፍ እኩል ደርሷል። እሷ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ብላ ብትቆም ሳህኖቿ ይመለሳሉ፣ ቤቷም ሰላም ያገኛል። ገነነ ከጋቢው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ ጩኸቱንም ተወው።

«በቃ ተዪው እፁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሽንዲ ይሂድ። መቼም አልታደልኩም።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። ዘላ ሄዳ ጎማውን ከላይኛው ገንዳ ውስጥ መዥረጥ አደረገችው። ጎማው ጉርጉር ብሎ አየር ሳበና ቆመ።

«ቱቦውን ነቀለችበት! ገደለችው!» ደጊቱ መሬት ላይ ወደቀች። አያ ደሞዝ ጆሯቸውን ገነነ ደረት ላይ ለጠፉ። ደረቱ ይርገበገባል፤ ሰውዬው እየሳቀ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ምራቅ ፈሰሰ። አያ ደሞዝ ሲገባቸው በቁጣ ከዘራቸውን ወዘወዙ። «መንገዱን ሙሉ ስናለቅስ የመጣነው ለገንዳ ነው? ተሻለህ ብዬ እንኳን እንዳላመሰግን፣ አልታመምክም!» ከዚያ ግን አላስቻላቸውም፣ ወደ ብፌው ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። «ለመሆኑ ይሄ የተባለው ሳንባ አላፈሰሰም?»

ገነነ አንገቱን ደፋ። ሲፈስ አይቶታልና። ጎማው ከመነቀሉ በፊት ከብፌው እግር ሥር መዳፍ የምታህል ውሃ ሊሾው ላይ ወርዳለች። ቀና ብሎ ውሃዋን ሲፈልጋት ግን የለችም። በነበረችበት ላይ የእፀገነት እግር ቆሞባታል፤ ካልሲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጥቧል።

«ምን ያፈሳል አያ!» አለች እፀገነት። «አንዲት ጠብታ አልወጣም። በሉ አረፍ በሉ፣ ደጊቱ አጥሚቱን ትቅዳላችሁ።»

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አያ ደሞዝ ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር ለእሷ ሳቡላት። «አንቺስ ልጄ፣ አትቀመጪም?»

«መቆም ነው የሚሻለኝ» አለች።