ቪትዟ ላይ የወጣው ክንፍ

ዳምጤ ቅናተኛ ነው። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ሚስቱ ሽታዬ ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች። በእሷ ግን ቀንቶ አያውቅም። የሚቀናው በላሜራ ነው። እሱ ያቃናውን መኪና ሌላ ሰው ሲነካካው ካየ ደሙ ይፈላል።

ከሺንሺቾ መዶሻውን ይዞ ጅማ ሲገባ ገና ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቡና ጭነው ሲመጡ የተጋጩትንም መኪኖች፣ ሙሽራ ይዘው ሲሄዱ ገደል የገቡትንም ቀጥቅጧል። ስቱኮ አይወድም። ሌላው ላሜራ ሰሪ የተጨማደደውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ይሸኛል። ዳምጤ ግን ከውስጥ በኩል በትንሽ በትንሹ እየመታ ይለማመጠዋል፣ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳስሰዋል። ቸኮልኩ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ይጮኽበታል። እኔ አጠገቡ ያለሁ ጎሚስታ ነኝ፤ ጩኸቱን በየቀኑ በነጻ እሰማለሁ።

ልጁ ታቢታ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ፣ ተገልብጣ ሰርቦ መንገድ ዳር የወደቀች ቪትዝ ገዛላት። ጣሪያዋ ተደፍጥጦ፣ የኋላ በሯ እንደ ተጣለ ወረቀት ተኮማትሮ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሥራ እየመለሰ እሷን ሠራ። ስታልቅ ይቺ መኪና ተገልብጣ ነበር ቢባል ማንም አያምንም። ታቢታ ሰርቦና ሰቃ ኮንትራት መሥራት ጀመረች። ተሳፋሪ "ማን ሠራልሽ?" ሲላት "አባቴ" ትላለች። ዳምጤ ይህቺን ቃል ለመስማት ብቻ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው መኪናዋ አጠገብ ይቆም ነበር።

ከዚያ ሬድዋን መጣ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፍቶ ከፋይበር ግላስ ስፖይለርና ቦዲ ኪት ይሠራል። ትንሽዬ መኪና ሁሉ እሱ ጋ ገብታ ከኋላ ክንፍ፣ ከፊት ሰፊ ከንፈር አውጥታ ትወጣለች። ከንፈሩ የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ተፍቆ ይቀራል፤ ባለቤቱ ግን ደስ ብሎታል። ሬድዋን ሳቂታ ነው፣ ደንበኛም ያከብራል፤ ይሄ ዳምጤን ይብስ ያናድደዋል። ፋይበሩን በቅርጽ ስለሚያፈስ "ኬክ ጋጋሪው" ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ቪትዟ ጥቁር ክንፍ አውጥታ ከች አለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ዳምጤ።

"ስፖይለር ነዋ አባ። አያምርም?"

ዳምጤ መዳፉን በኋላ በሯ ላይ ሲያስኬድ ብሎኖቹ ጋ ደረሰ። እሱ ክረምቱን ሙሉ ያቃናው ላሜራ ተበስቷል።

"ማን በሳው?"

"ሬድዋን ነዋ!"

ስሙን እንዲህ ቀለል አድርጋ መጥራቷ ከቀዳዳው በላይ አመመው። እኔም አይቻለሁ፤ ታቢታ ሥራ ስትጨርስ አሁን አሁን የምትቆመው ማዶ ነው። ክንፉ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል፣ ቀለሙ ይጥቆር ይንጣ እያሉ ከሬድዋን ጋር ሲከራከሩ ያመሻሉ። "አንተ ምንም አይገባህም!" ትለዋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ወዲህ ማዶ ዳምጤ ምንም ያልጎደጎደ ላሜራ ይቀጠቅጣል።

በመጨረሻ አላስችል ሲለው መንገዱን ተሻገረ። ተከተልኩት፤ ጠብ ቢነሳ የሚገላግል ያስፈልጋል ብዬ ነው።

"ይቺ ክንፍ መኪናዋን ታፈጥናለች ብለህ ነው ልጄን ያታለልካት?"

"መ ኢላላ ጋሽ ዳምጤ፣ እስቲ እዩት" አለ ሬድዋን ከመቀመጫው ተነስቶ። "ከኋላዋ የሚዞረውን አየር ያስተካክለዋል። ትፈተለካለች፣ ነዳጅም ይቀንስላታል፣ ወላሂ።"

"የት ነው የምትፈተለከው? በባጃጅ መሐል? በአህያ መሐል?"

"መሞከር ነዋ" አለች ታቢታ።

የእኛ አገር ሾፌር መኪና የሚፈትነው ቁልቁለት ላይ ነው። ማርሹን ፍሪ አድርጎ ይለቃታል፣ ራሷን ችላ እስክትቆም ፍሬን አይነካም። ርቃ የሄደችው አየሩም መንገዱም አልያዛትም ማለት ነው። በዚህ ተስማማን። እሁድ እነዳምጤ ከቸርች ሲመለሱ፣ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክዬ አራታችንም በሰርቦ መንገድ ወጣን።

መጀመሪያ ክንፉ እንዳለ ታቢታ ብቻዋን ለቀቀቻት። ሜዳው ላይ ስትደርስ እየቀዘቀዘች ሄዳ ቆመች፤ የቆመችበት ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ወደ ላይ ተመለስን። ሬድዋን ብሎኖቹን ፈትቶ ክንፉን ሣሩ ላይ አጋደመው። ታቢታ ልትለቃት ስትል ዳምጤ የፊቱን በር ከፍቶ ዘፍ አለ።

"ድምፁን ልስማው" አለ።

ዳምጤ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። ሲቀመጥ መኪናዋ በእሱ በኩል ዘንበል ስትል አይቻለሁ።

ወረዱ። ቪትዟ ድንጋዩን አልፋ፣ አልፋ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ርቃ ሄዳ ቆመች። እኛ እየሮጥን ስንደርስ ዳምጤ ወርዶ እጁን እያጨበጨበ ነበር።

"የታለ ክንፉ? የታለ አየሩ? ኬክ ጋጋሪ!"

ጭነት ያላት መኪና ቁልቁለት ላይ ርቃ እንደምትንደረደር በዚህ መንገድ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ታቢታ ቡና በጆንያ ስትጭን በየቀኑ የምታየው ነው። ሬድዋንም ያውቀዋል።

"ጋሽ ዳምጤ፣ እርስዎ አንዴ ቢወርዱና እንደገና..." ብሎ ጀመረ።

ታቢታ ክንዱን ነካ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ይበቃል" አለች። "አባ አሸንፏል።"

ዳምጤ የሬድዋንን ክንድ ስትነካ አየ። ጭብጨባው ቆመ።

"ምን ልትል ነበር?" አለው ሬድዋንን።

"ምንም ጋሼ። አሸንፈዋል።"

"ታቢታ፣ ምን ሊል ነበር?"

"ምንም አባ። ና ግባ፣ ፀሐዩ አይምታህ።"

የበሩ እጀታ ጠፍቷቸው ለሚደናበሩ ሽማግሌ ተሳፋሪዎቿ እንዲህ ነው የምትናገረው። ሬድዋን የፊቱን ወንበር ቢለቅለትም ዳምጤ እንቢ ብሎ ከእኔ ጋር ከኋላ ገባ። ስንመለስ ከሣሩ ላይ ያነሳነው ክንፍ በሁለታችን ጭን ላይ ተጋድሟል።

ገና ሳንርቅ ከፊት ክርክሩ ተጀመረ።

"እኔ እንደሆን ለፍጥነት ብዬ አላስገጠምኩትም" አለች ታቢታ። "ሰው ከሩቅ እንዲለየኝ ነው። አንተ ግን ነዳጅ ይቀንሳል ብለህ ዋሽተኸኛል።"

"ትንሽ ይቀንሳል አልኩ እንጂ!"

"ውሸታም! አንድ ጠብታ አልቀነሰም። ደግሞ አጣምመህ ነው የገጠምከው።"

"እኔ? አጣምሜ?"

"አንተ! ዓይን የለህም እንዴ?"

ዳምጤ አንዷን ቃል ሳያመልጠው ይሰማል። ሲቀና ሳየው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያን ቀን ግን አይቼው አላውቅም። ውሸታም በተባለው ሰው ቀንቶ ነበር። ታቢታ ሬድዋንን ስትሞግተው ፊቷ ይበራል፣ እጇ መሪውን እየለቀቀ ይወራጫል። እሱን ግን፣ ክረምቱን ሙሉ መኪና የሠራላትን አባቷን፣ ሲያጭበረብር አይታው እንኳ አልተቆጣችም።

"ታቢታ" አለ ከኋላ።

"አቤት አባ።"

"ክንፉን መልሰሽ አስገጥሚው። ግድ የለኝም።"

"እሺ አባ።"

ወዲያው ድምፁን ከፍ አደረገ። "አይ! አይመለስም! ነገ ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ፣ ክንፉም ይጣል!"

"እሺ አባ" አለች፤ ወደ ሬድዋንም ዞር ብላ ክርክሯን ካቆመችበት ቀጠለች።