ተቅያ ኬላው ላይ የጣለችው መከናነቢያ

የሰንዓን ሰው ሁሉ አላውቅም፤ በኛ ሰፈር ግን የተቅያን ዳቦ ያልበላ የለም። ባሏ የሞተባት ገና በልጅነቷ ነው። ገበያው በር ላይ ተቀምጣ ዳቦ እየሸጠች ልጇን ጋምዳንንም፣ እናቷ ጥላባት የሞተችውን ታናሽ ወንድሟን ናጂንም አሳደገች። ናጂ ወታደር ሆነ። ጋምዳን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አመፁ ሲነሳ ደግሞ አደባባዩ ላይ ድንኳን ተክለው «ሥርዓቱ ይውረድ!» ከሚሉት ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ እንቅልፍ አጣች። ተኩስ በተሰማ ቁጥር የኔን የጎረቤቷን በር ትደበድባለች።

«ማነው የተኮሰው? የኔዎቹ ይሆኑ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ተኳሹም ያንቺ፣ የሚተኮስበትም ያንቺ!» እላታለሁ። ክፉ አፍ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋምዳን ሆዱን ተመታ። የአደባባዩ ሐኪሞች «ቶሎ ቀዶ ጥገና ካላገኘ አይተርፍም» አሉ፤ ሆስፒታሉ ያለው ደግሞ ከወታደሮቹ ኬላ ማዶ ነው። በባሌ መኪና ጭነነው ከነፍን። ደሙ መቀመጫውን አርሶ እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። ኬላው ላይ ማን ቢጠብቀን ጥሩ ነው? ናጂ!

«እትዬ፣ ተመለሺ» አላት በሹክሹክታ። «ከአደባባዩ የመጣ ቁስለኛ እንዳታሳልፉ ተብለናል። ካሳለፍኩ እኔን ነው የሚረሽኑኝ።»

«እየው እንጂ ማን እንደሆነ!»

አላየም። ፊቱን አዞረ።

ይሄኔ ተቅያ ከመኪናው ወርዳ መከናነቢያዋን ገፈፈችና እግሩ ሥር ጣለችው። በኛ አገር ሴት እንዲህ ካደረገች፣ መከናነቢያዋን ያነሳ ወንድ የለመነችውን መፈጸም አለበት፤ ረግጦ ያለፈ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ወታደሮቹ አፈጠጡ። እኔ ሽበቷን ሳይ አለቀስኩ።

ናጂ አጎንብሶ አነሳው። ራሷን አከናነባትና «መንገዱን ክፈቱ!» ብሎ ጮኸ። አለቃው ከወዲያ እየሮጠ ሲመጣ እያየ ነው የጮኸው።

ጋምዳን ተረፈ። ሐኪሙ ወጥቶ ሲነግረን እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ተቅያ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ቆዪ» አለችኝ፣ «የናጂን ሳልሰማ እልል አትበዪ።»

ይኸው እስከ ዛሬ እልል አላልኩም።