ሳፋ ውስጥ የነበረው ስልኬና ያገኘኝ ጌታ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ ወንድሞችና እህቶች። መጋቢያችን ይህን ምስክርነት እንዳቀርብ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ። ጉሮሮዬን አላመመኝም ነበር። ስለዚህ በይቅርታ ልጀምር። ዛሬ የወጣሁት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው፤ ክብር ለስሙ ይሁን! ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እማማ አማረች ስማቸውን እንዳነሳ ፈቅደውልኛል። እንዲያውም "ያለ እኔ ምን ምስክርነት አለሽ?" ነው ያሉኝ።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ምሕረት ነው። ከሆሳዕና የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ መጣሁ፤ ያደግሁት እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ፣ ከእናቴ ስፓዛ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ዓመት ዘምሬአለሁ። እጅ መቼ እንደሚነሳ፣ ዓይን መቼ እንደሚጨፈን፣ የትኛው ስንኝ ላይ እንደሚለቀስ ጠንቅቄ አውቃለሁ። የማላውቀው ጌታን ነበር። ይህን ስል እናቴን እያየሁ አይደለም።

የምሠራው ለርነርሺፕ በምንለው ነው። ሦስት ቀን አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፣ ሁለት ቀን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ስጨርስ በሳይበር ደኅንነት ዲግሪ ይሰጠኛል። አሁን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እናቴ ለደንበኞቿ "ልጄ የኮምፒውተር ፖሊስ ናት" ትላለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ጎረቤታችን የተሰረቀበትን ፍሪጅ እንድፈልግለት ሁለት ጊዜ መጥቷል።

ሥራዬ በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ውስጥ ማን እንደገባ መከታተል ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም አስተምራለሁ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ስልክህን ለሰው አትስጥ፤ አንተ ያልጠየቅኸውን አትፍቀድ። ይህን ሳስተምር ድምፄ የነቢይ ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ አርብ ልምጣ። በወሩ የመጨረሻ አርብ በዚህ አዳራሽ የጾም ጸሎት እንዳለ ታውቃላችሁ። አርብ ደግሞ እኔ ከቤት የምሠራበት ቀን ነው። እናቴ "የመዘምራን ልጅ ከጾም ጸሎት ስትቀር ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። ለእርሷ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ አልኳት። ለአለቃዬ ለታንዲ ደግሞ ከቤት እየሠራሁ ነው ብዬ ጻፍኩላት። ከቁርስ በፊት ሁለት ውሸት። ጾም ስለነበር ቁርስም አልነበረም።

ላፕቶፔን ቤት ከፍቼ ትቼ መጣሁ። አንድ ችግር ግን ነበረብኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም በየሁለት ሰዓቱ ስልኬ ላይ "አንቺ ነሽ?" ብሎ ይጠይቃል። "አዎ" ካልተባለ ያስወጣኛል፤ ከወጣሁ ታንዲ ታያለች። በጾም ጸሎት ቀን ደግሞ ስልክ ሁሉ በር ላይ ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ይገባል። የሳፋው ጠባቂ እማማ አማረች ናቸው፤ ከእርሳቸው እጅ ጸሎት ሳያልቅ ስልክ ያስመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስለዚህ ጎንበስ ብዬ፣ "እማማ፣ በየሁለት ሰዓቱ አንዴ ከሥራ ጥያቄ ይመጣል። 'አዎ' የሚለውን ብቻ ይጫኑልኝ" አልኳቸው። የስልኬን ቁልፍ ቁጥርም በጆሮአቸው ነገርኳቸው። አዲስ ሠራተኞችን የማስተምር እኔ!

"ምን ይከብዳል ልጄ፤ አንቺ ብቻ ጸልዪ" አሉኝ።

አልጸለይኩም። ከኋላ ተቀምጬ ጾሙ ሲፈታ ምን እንደሚቀርብ እያሰብኩ ነበር።

እኔ ሳላውቅ አንድ ሌባ የይለፍ ቃሌን አግኝቶ ኖሯል። ጥፋቱ የራሴው ነው፤ ያንኑ ቃል ልብስ የማይበት ድረ ገጽ ላይም ተጠቅሜበት ነበር። የይለፍ ቃል ብቻውን ግን አያስገባም፤ ስልኬ ላይ "አዎ" መባል አለበት። እንዲህ ያለ ሌባ ጥያቄውን ይልካል፤ እምቢ ሲባል እንደገና ይልካል፤ ባለቤቱ ተሰላችቶ እስኪፈቅድ ድረስ። የታወቀ ዘዴ ነው።

ከእኩለ ቀን በፊት ጥያቄው መዝነብ ጀመረ። እዚህ ላይ ለእማማ አማረች ፍትሕ ልስጥ። "በየሁለት ሰዓቱ አንዴ ተብያለሁ" ብለው አሥራ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ከእኔ የተሻሉ የደኅንነት ባለሙያ ናቸው። በአሥራ አራተኛው ግን ልባቸው ራራ። ቀስ ብለው መጥተው ትከሻዬን ነኩኝ።

"ልጄ፣ መሥሪያ ቤትሽ እንዴት ቢወድሽ ነው? አሥራ አራት ጊዜ ጠየቀኮ!"

"ምን አሉት እማማ?"

"ምን እላለሁ? ደጋግሞ የሚለምንን ዝም ማለት ክርስትና ነው እንዴ? አዎ አልኩት።"

ጮህኩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ሙሉ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እዚህ ነበራችሁ፤ ምን እንደመሰላችሁ አውቃለሁ። ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን ወዲያው ምቱን አፈጠነ። አንዱ "ጌታ ሆይ ንካት!" አለ። ወደ ሳፋው ስሮጥ ሦስት የጸሎት አገልጋዮች ያዙኝ፣ ጭንቅላቴ ላይ እጅ ተጫነ።

"ስልኬን!" አልኩ።

"ልቀቂው እህቴ! ስልኩን ልቀቂው!"

"ሌባ ገብቷል!"

"አሜን፣ ይወጣል! አንተ ሌባ፣ ውጣ!"

ወገኖቼ፣ ከመረጃ አንጻር ሲታይ አልተሳሳቱም። ሌባ ገብቶ ነበር፤ መውጣትም ነበረበት።

እናቴ ከፊት እጆቿን ዘርግታ "ልጄን ጎበኘልኝ!" እያለች ታለቅሳለች። በመጨረሻ እማማ አማረች በሰው መሃል ሰንጥቀው መጥተው ስልኩን እጄ ላይ አኖሩልኝ። በዚያው ቅጽበት ታንዲ ደወለች።

"ምሕረት፣ አካውንትሽ ከማላውቀው ቦታ ተከፍቷል። አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ስልክሽ የት ነበር?"

የድርጅቱን ደንብ አውቃለሁ፤ ሳስተምር የማነበው እኔ ነኝ። መግቢያውን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠ ይሰናበታል። ለርነርሺፑ ሲሄድ ዲግሪውም አብሮት ይሄዳል፤ ሦስት ዓመት ባዶ። መልሱ ደግሞ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ ለአፍታ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ተሰረቅኩ፤ ስልኩን ገና አሁን አስመለስኩት። በዚህ ከተማ ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ የሚልን ሰው የሚጠራጠር የለም። ያዝኑለታል እንጂ።

አፌን ከፈትኩ። እማማ አማረች ግን አጠገቤ ነበሩ። እንግሊዝኛውን አልሰሙትም፣ ፊቴን ግን አይተዋል። እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ አማረች ናት ያጠፋችው በያት። እኔን ምን ያደርጉኛል? በእኔ ይሁን" አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያላጠፋ የአጥፊውን ጥፋት መሸከሙን ዘጠኝ ዓመት ዘምሬዋለሁ። አልቶ፣ ወፍራሙን የሴት ድምፅ ነው የምዘምረው። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። እኒህ ሴት ምንም የማያውቁትን ጥፋት፣ በማያውቁት ደንብ፣ በማያውቋት አለቃ ፊት ሊሸከሙልኝ ቆመዋል። እኔ ግን እርሳቸውን የውሸቴ ጠባቂ አድርጌ አቁሜያቸው ነበር። አለቀስኩ። ሃሌሉያ! በዚያች ሰዓት ጭንቅላቴ ላይ እጅ የጫነ ሰው አልነበረም።

"ታንዲ፣ ቤት አይደለሁም" አልኳት። "ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ዋሽቼሻለሁ። ስልኬን ከነቁልፉ ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። እርሳቸው ጥፋት የለባቸውም።"

"አካውንትሽን ዘግቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወደ እናቴ ሄድኩ። "እማ፣ ፈቃድ አልወሰድኩም። እና ደግሞ... እስከ ዛሬ አላመንኩም ነበር።"

እናቴ እንባዋን ጠረገች። "ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ማን ነበር የሚዘምረው?"

"ድምፄ ነው እማ።"

"እኔስ በየሳምንቱ ዩኒፎርምሽን የተኮስኩት ለድምፅሽ ነው?" አለችና አቀፈችኝ። እዚያው አብረን ተንበረከክን። ጌታን "ግባ" ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ክብር ለእርሱ!

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ሌባው እስኪዘጋበት ድረስ ምን እንደወሰደ ታንዲ አጣርታ ነበር። አንድ ፋይል ብቻ ከፍቷል፤ "ሠራተኞችን ከማታለል እንዴት እንጠብቃለን" የሚል የዩኒቨርሲቲ ጽሑፌን። መምህሬ ድጋሚ ሥሪው ብሎ የመለሰልኝ ነው። ለሌባው ያዘንኩት ያኔ ነው።

የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሰጡኝ። "የችግሩ መነሻ" በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። የክፍሉ ኃላፊ መሰናበት አለባት አሉ። ታንዲ እንዲህ አለች፦ "ስልኬ ተሰረቀ ብትል አምናት ነበር። እውነቱን ሳላስጨንቃት ተናገረች። የማታውቀውን አስተምራታለሁ፤ ይህን ግን ለሰው ማስተማር አልችልም።" የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጠኝ፤ ከቤት መሥራትም ተከለከልኩ። ተአምር ነው ወይ ብትሉኝ፣ ለተአምሩ ማስረጃ የለኝም። ያለኝ አንድ ነው፦ ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር፣ አልወጣም። ያንን እኔ አላደረግኩትም።

ዛሬ የጾም ጸሎት ሲሆን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ሲከለክሉኝም ሥራዬ ላይ እውላለሁ። እናቴም ታንዲም የት እንዳለሁ ያውቃሉ። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ እንቅልፍ ነው፣ ምግብ ነው፣ ጌታ ይባረክ!

ከመካከላችሁ እንደ እኔ ጥሩ የሚዘምር ግን ማንን እንደሚዘምር የማያውቅ ካለ፣ አትፍራ፤ እህቴ፣ አትፍሪ። የመሥሪያ ቤቴ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ይቆያል፤ ደንቡ ነው፣ ልክም ነው። የጌታ ግን ሌላ ነው። በእርሱ ዘንድ የነበረብኝ ሁሉ ተፍቋል፤ ቅጂም አልቀረም። ዛሬውኑ እመኑት።