ባዶ ቀፎ

ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሁሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የተከመረውን የተፈታታ ሬዲዮ እያየ ስለሚስቅ፣ ስሟ ተረስቶ «እትዬ ሽቦ» ሆና ቀረች። አይከፋትም። ጉርድና ሱሪ ሰፍታ ሥራ ሲቀዘቅዝ መበየጃዋን ትሰካና መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ የራሷን ሬዲዮ ትሠራለች። ማን አስተማረሽ ሲሏት፣ «ብልሽቱ ራሱ» ትላለች።

እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። በመርፌዋ አስተምራው፣ አንድ ቤተ ሙከራ ንብረት ክፍል ተቀጠረ። ቤተ ሙከራው አሮጌ መሣሪያዎቹን በርካሽ ሊሸጥ መሆኑን የነገራትም እሱ ነው። ከመሃላቸው ኦሲሎስኮፕ ነበር፤ በሽቦ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ መስታወቱ ላይ እንደ ሞገድ የሚስል መሣሪያ። እሷ በፎቶ ብቻ ነበር የምታውቀው።

«እታለም፣ ላንቺ ብዬ ለይቼዋለሁ። ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ» አላት።

የሚያፈሰውን ጣሪያ ልታሳድስበት ያስቀመጠችውን አውጥታ ሰጠችው። መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ አመጣላት። ስትሰካው ግን ጭል እንኳ አላለም። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይሆናል ብላ በካቻቢቴ ከፈተችው። ውስጡ ወና ነው። ቦርዶቹ የሉም፤ የተቆረጡት ሽቦዎች ጫፋቸው ገና ያብረቀርቃል።

መጀመሪያ ያዘነችው ለእሱ ነበር። ልጁን አታለውታል፣ ከሰማ ያፍራል ብላ ምንም ሳትነግረው አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። የምትፈልገውን ስትነግረው ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ቦርዶች አወጣ። ከቦርዶቹ የተንጠለጠሉት ቁራጭ ሽቦዎች እቤት ካየቻቸው ጋር በቀለም በቀለም አንድ ናቸው። ከየት አመጣኸው አለችው።

«ቤተ ሙከራ ንብረት ክፍል የሚሠራ ልጅ ነው የሸጠልኝ» አላት ማንነቷን ሳያውቅ። «ገዢዋ አትነቃም ወይ ስለው፣ ለጌጥ ነው የምታስቀምጠው፣ ብትከፍተውም አይገባትም አለኝ።»

ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ገንዘቡስ ይሂድ። ይሄ ልጅ እኮ እሷ የጠገነችውን ሬዲዮ ሳይሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ነበር።

ከዚያው ቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ ወንበር ብታቀርብላትም አልተቀመጠችም። ወንድሟ መጀመሪያ ሸመጠጠ፤ ባለሱቁ ያለውን ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እታለም፣ ላንቺ እኮ መጫወቻ ነው። እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ቸገረኝ ብለኸኝ መቼ እጄን አጠፍኩብህ?»

ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«እሱስ ይሁን። አይገባትም ያልከው ግን ምን በድዬህ ነው?»

ሚስቱ ወደ ጓዳ ገባች።

ወደ ሱቁ ተመልሳ ቦርዶቹን ገዛቻቸው። የራሷን ንብረት ሁለቴ መግዛቷ ነው። የስፌት ደንበኞቿን እያስጠበቀች ሽቦ በሽቦ ቀጠለች። አንድ ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ፤ ሬዲዮዋን ስታገናኘው መስመሩ ይወዛወዝ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር ሲሳካላት ቀድማ የምትደውለው ለወንድሟ ነበር። እጇ ወደ ስልኩ ሄደ፤ ስልኩን ሳይነካ ተመለሰ።

የወንድሟ ልጆች ዛሬም ይመጣሉ፤ መስመሩን እያዩ ይስቃሉ፣ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ሊወስዳቸው ሲመጣ ደህና ዋልክ ትለዋለች። ግባ ግን አትለውም።