የወይዘሮ አራክሲ አርመንኛ

ወይዘሮ አራክሲ ሀበሻ ምግብ ቤት ገብተው ሲያዝዙ አስተናጋጆቹ «ፈረንጇ አማርኛዋ ጉድ ነው» እየተባባሉ ይጠቋቆማሉ። የምን ፈረንጅ! ሴትየዋ የፒያሳ ልጅ ናቸው። አያታቸው ከአርመኖች እልቂት ተርፈው አዲስ አበባ የገቡ ጫማ ሰፊ፣ ቤታቸው ውስጥ ከአርመንኛ ሌላ ቃል የማያስተነፍሱ ቆፍጣና ሰው ነበሩ። ደጅ ሲወጡ አማርኛ፣ ቤት ሲገቡ አርመንኛ፤ ወይዘሮ አራክሲ በሁለቱም አፋቸውን ፈቱ።

አሁን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከልጅ ልጃቸው ከያኔት ጋር ይኖራሉ። መስከረም ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአርመኖች የቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተማሪ አጥቶ የምዕራብ አርመንኛ ክፍሉን ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ደረሳቸው። ዛሬ አርመን አገር የሚነገረው የምሥራቁ ነው። የምዕራቡን ከእልቂቱ የተረፉት ይዘውት ነው በየአገሩ የተበተኑት፤ ተናጋሪውም እያነሰ ሄዷል።

«እኔ ቆሜ እያለሁ?» አሉ። «ያኔት፣ ተነሺ፣ ራይድ ስጪኝ።»

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሶና ከአርመን ዋና ከተማ ከየሬቫን የመጣች፣ ትሁት ግን ጥብቅ ሴት ናት። በአርመንኛ፣ ትምህርቱን ከምን እንደሚጀምሩ ጠየቀቻቸው።

«ከፊደሉ ነዋ! መስሮፕ ማሽቶትስ የዛሬ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ፊደል ባይቀርጽልን ኖሮ፣ ይኼኔ እኔና አንቺ በምን እንግባባ ነበር?»

ሶና ደስ አላት። «ልጆቹ ያስቸግራሉ፣ ይችሏቸዋል?»

ወይዘሮ አራክሲ፣ ሀበሻ «አዎ» ሲል እንደሚያደርገው፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ሶና ክው ብላ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። አስም የተነሳባቸው መስሏት ነው! ያኔት እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ ነገሩን በእንግሊዝኛ አስረዳች። ሶናም ፈገግ አለች፤ ግን «ልጆቹ ንጹሕ አርመንኛ እንዲማሩ ነው የምንፈልገው። እስከ ገና ይሞክሩና እናያለን» አለች።

«ንጹሕ» የምትለዋ ቃል ወይዘሮ አራክሲን አንገበገበቻቸው። መኪና ውስጥ «አያቴ ከሞት አፍ ይዘውት የወጡትን ቋንቋ እኮ ነው!» እያሉ ተብሰለሰሉ።

የገና ዝግጅት ደረሰ። ልጆቹ መድረክ ላይ ቆመው ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር አንበለበሉት። ከቤይሩትና ከሐለብ የመጡ አያቶች አይናቸውን ይጠራርጋሉ። ለዝግጅቱ የተጋበዙት የአርመን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ተነስተው በአርመንኛ «ልጆቼ፣ ይህ ቋንቋ የእናንተ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ ሁሉም ባንዴ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

አንዲት እናት ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለች። ወይዘሮ አራክሲ አለቀልኝ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሶና ግን እናትየዋን በእጇ ምልክት አስቀመጠችና ወደ ቄሱ ዞራ ተናገረች። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

አርመንኛ የማትሰማው ያኔት «ዋት ዲድ ሺ ሴይ፣ እማማ?» አለች።

«‹አዎ ማለታቸው ነው› አለች» አሉ ወይዘሮ አራክሲ ቀና ብለው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «‹አስተማሪያችን የአዲስ አበባ አርመን ናቸው› አለች።»